እናቴ በወረቀት ልክ የበላችበት በጋ

እናቴ ወፍራም ነበረች። ቤታችን ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ነው፤ በሰፈራችን ውፍረት የደላው ቤት ምልክት እንጂ በሽታ አልነበረም። ሞባይል ሐረር በገባ ሰሞን ግን ጉልበቷ «አልሸከምም» አለ። ሐኪሙም «ክብደት ካልቀነሱ የጉልበቱ ቀዶ ጥገና አይሠራም» ብሎ የምትበላውን በወረቀት ጻፈላት። ጠዋት ያለ ስኳር ሻይና አንድ እንቁላል፣ ምሳ ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ማታ ሾርባ። ወረቀቱን ጓዳው በር ላይ ለጠፍኩት፤ ዘበኛዋም እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ቀነሰች። በየሳምንቱ ጊደር መጋላ ገበያ ወስጄ ማሽላ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆማታለሁ፤ ነጋዴው ዘመዳችን ስለሆነ አይስቅም። በሁለተኛው ወር ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

«እማ፣ ተደብቀሽ ትበያለሽ!»

«ወላሂ አልበላሁም።»

«ታዲያ ሰው በአየር ይወፍራል?»

 በማግስቱ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል «ምናልባት ተኝቼ እየበላሁ ይሆን?» አለችኝ። 

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤታችን አልመስል አለኝ። ጓዳውን ቆለፍኩ። ራሷ ስለለመነችኝም የጓዳው ደፍ ላይ ዱቄት መነስነስ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። ኮቴ የለም፣ የጣት ምልክት የለም። ሚዛኑም ያው ነው። እሷን ግን ይበርዳታል፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል። እጇን ስይዘው እንደ እንስራ ይቀዘቅዛል። ስጠራት መልሷ በጣም ይዘገያል፤ አንዳንዴ ሌላ ሰው ሊመልስልኝ ነው ብዬ እፈራ ነበር። የጎረቤት ሴቶች «አብሯት የሚበላ ጅን አለ» አሉ። ሳቅኩባቸው። ግን ምግቧን ሳቀርብ አጠገቧ ያለውን ባዶ መከዳ ማየት ጀመርኩ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። የልቧን ምት ቆጠረ፤ አላመነም መሰል፣ ደግሞ ቆጠረ።

«ሰውነት ምግብ ሲያጥረው ረሃብ የገባ ይመስለዋል» አለኝ። «እሳቱን ያዳፍንና በትንሹ መኖር ይለምዳል። ክብደታቸው የቆመው፣ ብርዱም የመጣው ለዚህ ነው። ግን እኔ የጻፍኩት ምግብ እዚህ አያደርስም።» ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ያህል ነው የሚበሉት?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ፈርታኝ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከጠረጠረችኝ ቀን ጀምሮ፣ እሷ ከምትሰጠኝ ግማሹን ለጎረቤት ድመት እሰጥ ነበር» አለችው። «ሚዛኑ ዝቅ ካለ ታምነኛለች ብዬ።»