ሙሽራ በመስኮት የገባችበት ማረፊያ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሰሚራ ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቻችንን ልታስጠይቀኝ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ወሰደችኝና፣ ከመሳፈሪያው ሰዓት ቀድመን ስለደረስን መንገደኛ የሚያርፍበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ደረጃ መውጣት ለተሳነው ሰው በዝግታ ሽቅብ የሚል መንገድ አበጅተውለታል፤ ወንበሩ መደገፊያ አለው፤ ውሃው ቅርብ ነው፤ መጸዳጃው ቅርብ ነው፤ ስልክ ለሚሞላ ሰው እንኳ መሰኪያ አልነፈጉትም። ሰማንያ ስምንት ዓመት የተሸከመ ወገብ ይህን ሲያገኝ ምን ይላል፤ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ያኔ አንዲት ወጣት ወለሉን እየወለወለች በአጠገቤ ስታልፍ ከባልዲዋ የሚወጣው የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ነካውና ልቤ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ያን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እህቴ ዘይነባ በተዳረች ዕለት ነው።

ጣሊያን የደሴን መንገድ ከጣርማ በር ወደ እኛ ቆላ አውርዶ ካሚዮን ማመላለስ ሲጀምር፣ መንገዱ ዳር ለመንገደኛ ማረፊያ የሚሆን አንድ ክፍል ቤት አቆመ። ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ወባ እንዳያስገባ በሽቦ ወንፊት የተወጠረ ነበር። ውስጡ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ቧንቧ የተበጀለት የውሃ በርሜልና ሰውን ከራሱ እስከ እግሩ የሚያሳይ መስታወት እንዳለ የምናውቀው ክፍሉን ከሚያጸዱት ከጋሼ ኡመር አፍ ነው። ጋሼ ኡመር ስለዚያ መስታወት ሲያወሩ መካ ደርሰው የተመለሱ ሐጂ እንኳ እንዲያ አያወሩም፤ እኛ ልጆች ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ እናስወራቸዋለን።

ለእኛ መግባት ክልክል ነበር። በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል በሰፈራችን ባይኖርም የካፖውን አለንጋ ማንበብ ያልቻለ አልነበረም። ካፖ የምንለው ካሚዮኖቹን የሚቆጣጠረውን ጣሊያን ነው። ክፍሉ ለነጭ ብቻ ሆኖ የአገሬው መንገደኛ ደጅ ይጠብቃል፤ ለካሚዮን መቆሚያ ብለው ግራሩን ሁሉ ስለመነጠሩት ያለችው ጥላ የዚያው ክፍል የግድግዳ ጥላ ብቻ ናት። ማለዳ ሰውን፣ ፍየሉንና የጥጡን ጆንያ ሁሉ ትችላለች፤ ፀሐይ ከፍ ስትል እየጠበበች፣ ሰዉም ጀርባውን ወደ ግድግዳው እየገፋ ይሄድና ቀትር ላይ ተረከዝ እንኳ አትሸፍንም። የሮቢትን ቀትር የቀመሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያልቀመሰም አይቅመሰው።

ዘይነባ ኮምቦልቻ ለሚኖር ልብስ ሰፊ ታጭታ፣ አጎቱ የካሚዮን ረዳት ስለነበሩ ሾፌሩን ለምነው ጋቢና ውስጥ ቦታ አስያዙላት። በበቅሎ ሳይሆን በጋቢና የምትሄድ ሙሽራ በይፋት ቆላ ታይታ አታውቅምና አገሩ ሙሽራዋን ትቶ ጋቢናውን ያወራ ጀመር። ለእኔማ ደስታው ከራሴ በላይ ነበር፤ ከከተማው ማዶ እስካለው ድልድይ ድረስ አብሬያት ተቀምጬ እንድሸኛት ተፈቅዶልኛል። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። እናቴን በቀን አሥር ጊዜ «ካሚዮኑ ይመጣል አይደል?» እያልኩ አሰለቸኋት።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ፀሐይ ሳትወጣ ነው ከአባቷ ቤት የምትወጣው። አንዴ ደጃፉን ከተሻገረች ባሏ ለመልስ እስኪያመጣት ድረስ አትመለስም፤ የባሏን ደጃፍ ከመርገጧ በፊትም የሌላ ሰው ደጃፍ አትረግጥም፤ ከረገጠች ትዳሯ ማረፊያ ያጣል ይባላል። አባቴ ዱዓ አድርገው መረቋት፤ ሴቶቹም በሁለት ድርብ ሻሽ ሸፍነው፣ እየዘፈኑ ወደ መንገዱ አወረዷት። ካሚዮኑ ማልዶ ይደርሳል ተብሎ ነበር። አባቴ እኔን ከድልድዩ ለመመለስ በቅሏቸውን ይዘው ቀድመው ሄዱ።

ፀሐይ ወጣች፣ ካሚዮኑ አልመጣም። ረፋድ ላይ ከደብረ ሲና በኩል በበቅሎ የወረደ ነጋዴ ጣርማ በር ላይ ቋጥኝ ተንዶ መንገዱን እንደዘጋው፣ ካፖውም ሊያስነሳ በሞተር ብስክሌቱ ሲወጣ እንዳገኘው ነገረን። ካሚዮኑ ዛሬም ሊመጣ ይችላል፣ ነገም ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ሞተ። ጥላዋ ጠበበች። ዘይነባ ከትናንት ጀምሮ የሙሽራ ነገር ሆኖባት እህል ውሃ አልቀመሰችም፤ ከሻሹ ሥር ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማል፣ የእጇ ሂና በላቧ ይወርዳል። እናቴ በነጠላዋ እያራገበች ታለቅሳለች። ወደ ቤት እንዳትመልሳት የልጇን ትዳር በገዛ እጇ ማፍረስ መሰላት፤ ፀሐይ ላይ እንዳታቆያት ልጅቷ ልትወድቅ ነው።

ያኔ ጋሼ ኡመር ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። ካፖው ቢደርስ የሚገረፉት እሳቸው እንደሆኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሰውዬው ተራራ ላይ ነው፤ አስገቧት» አሉ።

እናቴ ግን ደጃፉን አየችና እምቢ አለች። በዚያ ሐሩር፣ ሙሽራዋ እየተንገዳገደች፣ ሴቶቹ የክርክር ሸንጎ አቆሙ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ እሳት ያልነደደበት፣ ሰው ያልወለደበት ቤት ቤት አይባልም ብለው ተከራከሩ። እናቴ ደግሞ በር ካለው ደጃፍ አለው አለች። ሌሎቹ ከሁለት ተከፈሉ። በመጨረሻ እትዬ ፋጡማ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩትና፦

«መስኮት ደጃፍ አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ኡመር «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ የወንፊቱን ምስማሮች በጉጠት ነቃቀሉ፤ ሴቶቹ እህቴን ከነሻሿ አንስተው በመስኮት አስገቧት፣ እኔንም እንዳጫውታት ከኋላዋ ወረወሩኝ።

የዚያ ወለል የመድኃኒት ሽታ ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ ክፍሉ ይግላል፤ ብዙ የተወራለት የነጭ ምቾት ከእኛ ሣር ጎጆ አይደርስም ነበር። ቢሆንም ጥላ ነው፣ ውሃም አለ። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሜ ከፈትኩ፤ በእጄ እየቀዳሁ አጠጣኋት። አግዳሚው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተቀመጥኩ ሞከርኩት፣ በመደገፊያውም ተደገፍኩ፤ እንደ ካፖም አሳልኩ። ዘይነባ ሳቀች። ነፍሷ ሲመለስ ሻሹን ገልጣ ከመስታወቱ ፊት ቆመች። እስከዚያ ቀን መዳፍ ከምታህል መስታወት ውስጥ ዓይኗን ወይ ጥርሷን ነጣጥላ እንጂ ሙሉ ራሷን አይታ አታውቅም። ብዙ ቆየች። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ ከደጅ ያሉት እንዳይሰሙ፦

«አላህ ያን ድንጋይ እዚያው ቢያቆየው ምን ነበረበት» አለችኝ።

ተናደድኩ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ድንጋዩ እንዲነሳ አላህን ስለምን ነው የዋልኩት። «ጋቢናውስ?» አልኳት። ፊቴን አይታ ፀጉሬን ትጎነጉን ጀመር። አፏ ላይ ሌላ ነገር ነበረ። አንድ ሁለቴ ጀምራ ተወችው፤ እኔም ጆሮዬን መንገዱ ላይ ጥዬ ነበርና አልጠየቅኳትም።

ጥሩምባው የተሰማው ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ቀድሜ በመስኮት የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ መጣ፣ መጣ እያልኩ መንደሩን አናወጥኩት። እህቴን በጥድፊያ አወጧት፤ ጋሼ ኡመር ወንፊቱን መትተው ሳይጨርሱ ካፖው ከካሚዮኑ ፊት በሞተሩ ደረሰ። የተጣመመውን ሽቦ በአለንጋው እያመለከተ ሲጮህ፣ ጋሼ ኡመር ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ዝንጀሮ ነው አሉት። ባለፈው ሳምንት ዝንጀሮ ፓፓያውን ጨርሶበት ስለነበር አመነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሳቁ፤ እናቴ እንኳ እያለቀሰች ሳቀች።

ጋቢናው! ወንበሩ ያነጥራል፣ ቤንዚኑ ይሸታል፣ ከእግራችን ሥር ሞተሩ ያጓራል፤ የማውቃቸው ዛፎችና ሰዎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን አስነካኝ፤ እኔም ደጋግሜ ነፋሁት። ዘይነባ ከሻሿ ሥር እጄን ይዛ ነበር፤ የያዘችኝ ግን ቀኝ እጄን ነውና ለጥሩምባው አልመች ብሎኝ ትዝ ይለኛል። ድልድዩ ጋ ካሚዮኑ ቆመ። አባቴ ከበቅሏቸው ወርደው ቆመዋል።

«ትንሽ ቆዪ» አለችኝ።

እጄን አላቅቄ ወረድኩ።

መልሱ ከክረምት በኋላ ሊሆን ነበር። በመካከሉ እንግሊዝ መጣ፣ የሚሸሸው ጣሊያን ድልድዮቹን እየሰባበረ ሄደ፣ መንገዱም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የደረሰን የዘይነባ መርዶ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ፣ በምጥ። ያ ክፍል ነፃነት ሲመጣ ለሁሉም ተከፍቶ ነበር፤ ኋላ የእህል መጋዘን ሆነ፣ አሁን መሠረቱም የለም። ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ አርፌ ጠብቄአለሁ፤ እንደዚያች ቀን የሞቀም፣ እንደዚያች ቀን ደስ ያለኝም ቦታ የለም። ያን አፏ ላይ የነበረውን ነገር ግን ማን ይንገረኝ? ከድልድዩ በተመለስንበት ምሽት አባቴ ከበቅሎዋ ሳያወርዱኝ የሰፈሩ ልጆች ከበቡኝ። ስለ መሪው ነገርኳቸው፣ ስለ ጥሩምባው፣ ወደ ኋላ ስለሚሮጡት ዛፎች፤ ደጋግመው አስወሩኝ፣ ደጋግሜ አወራሁ። ስለ እህቴ አንድም ቃል አልወጣኝም።