ጫጩቶቹን የበረዳቸው ሰዓት

ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ኮድ መጻፍ እማር ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁትን የጀማሪዎች ትምህርት አውርጄ፣ መታወቂያ ኮፒ በሚያሠሩና ማመልከቻ በሚያስተይቡ ሰዎች መካከል ጊዜ እየሰረቅሁ አየዋለሁ። ሲበዛ ችኩል ነኝ። አንዱን ትምህርት ሳልጨርስ ሌላውን እከፍታለሁ፤ ሳይገባኝ ሲቀር ደግሞ አስተማሪውን እራገማለሁ።

አሬይ የሚባለው ነገር ላይ ስደርስ ግን ቀልቤ እዚያው ቀረ። አሬይ ማለት ቁጥሮችን ተራ አስይዞ በአንድ ስም መጥራት ነው ይላል ትምህርቱ። ይኼማ ምኑ ይደንቃል፣ ከዚያ በፊት የተማርሁት ተራው ዝርዝርስ ያው አይደል ወይ አልሁ በልቤ። ልሞክረው ብዬ መጀመሪያ በተራው ዝርዝር ሦስት ቁጥር ጻፍሁና በሁለት አባዛ አልሁት። ኮምፒውተሩ እነዚያኑ ሦስት ቁጥሮች ደግሞ ጽፎ ዝርዝሩን አስረዝሞ መለሰልኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥዬ እነዚያኑ ቁጥሮች አሬይ አድርጌ በሁለት አባዛ ስለው እያንዳንዳቸው በየቦታቸው እጥፍ ሆነው ቁጭ አሉ። የጻፍሁት አንድ መስመር ብቻ ነው! ሦስት ቢሆኑም ሦስት ሺህ ቢሆኑም ያው አንድ መስመር። «እልል በሉልኝ!» ብዬ ስጮህ፣ ከጅጋ ድረስ ለኮፒ የመጣች ሴትዮ ደንግጣ አማተበች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ቁጥር ሁሉ አሬይ ሳላደርገው አላልፍም። በዜሮ ብቻ የተሞላ ሠራሁ። በራሱ እየቆጠረ የሚሞላ ሠራሁ። ረጅሙን ቆርጬ መካከሉን ብቻ አወጣሁ፤ አንዱን ረጅም ሰልፍ አጣጥፌ ባለ ብዙ ረድፍ አደረግሁት። ትንሽ ያስቸገረኝ ቆጠራው ከዜሮ መጀመሩ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር አምጣ ብዬ «አንድ» ስለው ሁለተኛውን ያመጣልኛል፤ እኔም ሰው ይመስል እቆጣዋለሁ። ውጭ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ይተራመሳል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ከቁጥር ጋር እጨቃጨቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ሥራ የገባሁበት ጊዜ የለም።

ታላቅ እህቴ ደግሞ ያኔ ቡሬ አጠገብ ባለው የወላጆቻችን ቤት ጫጩት ታሳድግ ነበር። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ትዳሯ ሲፈርስ ወደዚያው ቤት ተመለሰችና፣ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተቀብሎ ቄብ እስኪሆኑ ማሳደግን ሥራዬ ብላ ያዘች። የመጀመሪያዎቹ አለቁባት። ሁለተኛውን ዙር በተቀበለች ማግስት ደውላ ቁርጡን ነገረችኝ።

«እኒህም ካለቁብኝ አረብ አገር ነው የምሄደው። ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ፤ ደላላውም እሺ ብሎኛል። እንዳታለቅሺብኝ እንግዲህ።»

«አላለቅስም» አልሁና ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ከሰፈራችን የሄዱትን አውቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቤት ሠርተው ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ ድምፃቸው ከጠፋ ቆይቷል። እታለም ከየትኞቹ እንደምትሆን ማን ያውቃል? ከእሷ ሌላ ደግሞ ማንም የለኝም።

ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ ሁለተኛዎቹም መሞት ጀመሩ። ልታያቸው ስትገባ ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ከታች ያሉት ታፍነው ታገኛቸዋለች። የወረዳው የዶሮ ባለሙያ መጥታ አይታ፣ በሽታ ሳይሆን ብርድ ነው፣ ሲበርዳቸው ነው እንዲህ የሚነባበሩት አለች። መቼ እንደሚበርዳቸው ግን እሷም አላወቀችም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይግላል፣ ማታ እህቴ በማሰሮ ፍም ታስገባላቸዋለች። ባለሙያዋ በየሰዓቱ ሙቀት እየለካ የሚይዝ ክብሪት የምታህል መሣሪያ አዋሰችን። ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት የለካውን ሁሉ ይሰጣል አለች። እታለም ይኸን በስልክ ስትነግረኝ፣ ኮምፒውተር ስትል እኔ ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ።

እሑድ ሚኒባስ ተሳፍሬ እህቴ ዘንድ ሄድሁ። ምሳችንን በላንና መሣሪያዋን በገዛ እጄ ጫጩቶቹ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኋት። እታለም ከኋላዬ ቆማ፣ «እችን ቁራጭ ነገር ተማምነን ነው?» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ ግን መድኃኒት የሰቀልሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ማታውኑ ተመለስሁ። በሳምንቱ መሣሪያዋን አውርዳ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠችልኝ፤ መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው ሹፌሩ፣ «ወርቅ ነው እንዴ እንዲህ የምትንሰፈሰፊለት?» አለኝ።

ፋይሉን ስከፍተው ልቤ ዘለለ። እስከዚያ ድረስ የተጫወትሁት ከራሴ በፈጠርኋቸው ቁጥሮች ነበር፤ እነዚህ ግን የእህቴ ጫጩቶች የኖሩበት ሙቀት ናቸው። አሬይ አደረግኋቸው። ቀኖቹ ወደ ታች፣ ሰዓቶቹ ወደ ጎን፤ በየረድፉ ሃያ አራት ቁጥር። የመጀመሪያው ረድፍ መሣሪያዋ ገና ሳትሰቀል ያለውን ጊዜ በዜሮ ስለሞላችው አማካዩን ያበላሽብኛል ብዬ ቆርጬ ጣልሁት። መቁረጥ እንደሁ ተምሬያለሁ! ከዚያ የየሰዓቱን አማካይ አውጣ አልሁ፤ አንድ መስመር። ዝቅተኛው የቱ ላይ ነው አልሁ፤ ሌላ መስመር። ኮምፒውተሩ «4» ብሎ መለሰ።

አራት። አላቅማማሁም፤ ደወልሁ።

«እታለም! ጠዋት አራት ሰዓት ነው የሚበርዳቸው!»

«አራት ሰዓት? ውይ፣ እንግዲያማ የገደልኋቸው እኔው ነኝ» አለች ደንግጣ። «አራት ሰዓት ላይ እኮ ነው በሩን በርግጄ ጉዝጓዛቸውን የምቀይር።»

ነገሩ ግጥም አለልኝ። ከፍተኛውም ሙቀት አሥራ አራት ላይ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ካለፈ የማታ ሁለት ሰዓት ነው፣ ማሰሮው ከገባ በኋላ ማለት ነው አልሁ። እሱም ልክ መጣ። በሩን እንዳትከፍት፣ ጉዝጓዙን ቀትር ላይ እንድትቀይር ተስማማንና እኔ የቀረውን ቀን ሁሉ እየዘፈንሁ ኮፒ ሳነሳ ዋልሁ። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ገብታ፣ «ባል አገኘሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሐሙስ እታለም ደወለች። ድምፅዋን ገና ስሰማ ገባኝ።

«ዛሬም ሞተዋል። እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ፣ ሞተዋል። ደላላው ሰኞ ቡሬ መናኸሪያ እንገናኝ ብሎኛል። በቃ፣ ተይው።»

«ሰኞ ድረስ እንዳትቆርጪ» አልኋት፤ ምን ይዤ እንደምለምናት ግን አላውቅም ነበር። ተናደድሁ። በኮምፒውተሩ፣ በመሣሪያዋ፣ በዘፈንሁባት ቀን ሁሉ ተናደድሁ። መብራትም ሄደ። አርብ ረፋዱ ላይ ሲመጣ የጻፍሁትን ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ማየት ያዝሁ። የት ጋ እንደሳትሁ ስላላወቅሁ፣ የነካሁትን ሁሉ ወደነበረበት መመለስ ጀመርሁ። ቆርጬ የጣልሁትንም የመጀመሪያ ረድፍ መለስሁት።

ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዜሮዎቹ አልፈው የመጀመሪያው እውነተኛ ሙቀት የተጻፈበትን ቦታ ቆጠርሁ። ቁጥር አሥራ አምስት ላይ ነው።

መሣሪያዋን የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ምሳ በልተን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አሥራ አምስት ምን ያደርጋል እዚህ?

ግንባሬን በመዳፌ መታሁት። መሣሪያዋ የምትቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው! ለእሷ ዜሮ ማለት እኩለ ሌሊት ነው፤ አራት ማለት ደግሞ የእኛ ጠዋት ሳይሆን የእኛ ሌሊት አሥር ሰዓት። የሚያናድደው፣ እኔ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ስድስት እየቀነስሁ የማነብ ሰው ነኝ። እጄ ላይ ያለው ልማድ ነውና ሳላስበው አደርገዋለሁ። አሬዩ ውስጥ ግን ቁጥሩ ብቻውን መጣ፤ ሰዓት የሚመስል ነገር አጠገቡ የለም። ራቁቱን የቆመ አራት ሳይ እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው ጠዋት አራት አልሁት። እህቴም፣ ስነግራት፣ ያንኑ ሰማች። ሁለታችንም ፀሐይ ስትወጣ ቀኑን የምንጀምር ሰዎች ነን፤ የሚጠራጠር ማን ነበር?

አሬይን የሚያንከባልል ትእዛዝ አለ። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንዴ ያንሸራትታቸዋል፤ በአንዱ ጫፍ የወደቁት በሌላው ጫፍ ዞረው ይገባሉ። ትምህርቱ ላይ ሳየው፣ እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይበጃል ብዬ ያለፍሁት ነው። አማካዮቹን በስድስት ወደ ኋላ አንከባለልኋቸው። አንድ መስመር! አሁን ዜሮ ላይ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመ፣ አንድ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስድስት ላይ ቀትር። ሃያ አራቱ ቁጥሮች ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የእኛን ቀን ሆኑ። ሙቀቱ ከረፋድ ጀምሮ እየወጣ፣ ቆርቆሮው በሚግልበት ስምንት ሰዓት ላይ ጣራ ነክቶ፣ ማታ ማሰሮው ሲገባ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ጫጩቶቹ የኖሩትን ኑሮ አነበብሁት ማለት እችላለሁ። ዝቅተኛውን ጠየቅሁ። ሃያ ሁለት አለ፤ አሥራ ሁለቱን ስቀንስ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት።

ለማስረዳት ትዕግሥት አልነበረኝም። «እታለም፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው!» አልኋት ገና ስታነሳው። «ያን ቀን ተሳስቼ ነው ያነበብሁት። ጠዋት አይደለም!»

ቀስ ብላ፣ «ፍሙን ማታ አሥራ ሁለት ላይ ነው የማስገባላቸው» አለች። «ሌሊት አሥርማ አመድ ሆኗል። ይኸን ሁሉ ቀን እኔ እየተኛሁ፣ እነሱ ጥግ ለጥግ እየተሻሙ ኖሯል እንዴ?»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተሽ አዲስ ፍም አስገቢላቸው። ስልክሽን እንዲቀሰቅስሽ ሙይው።»

«ስልክ ምን ያደርግልኛል» አለች። «እንዲህ ከሆነ መች እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት አልሞቱም። እሑድም አልሞቱም። ግን ሰኞ ነበር የሚያስፈራኝ። ሁለት ቀን ምን ይሆናል? ሰው አንዴ ልቡ ከሸፈተ ለጥቂት ጫጩት ብሎ ይመለሳል? ሰኞ ኮፒ ማንሳት አቃተኝ፤ ወረቀቱን ገልብጬ እያስገባሁ የሰው ማመልከቻ አበላሸሁ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት። መናኸሪያ ውስጥ ብትሆን የመኪና ጡሩምባና የረዳቶች ጩኸት እንደምሰማ አውቃለሁና፣ ሰላም ከማለቴ በፊት ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተከልሁ። የሚሰማኝ የጫጩት ጩኸት ብቻ ነው።

«የት ነሽ?» አልኋት፣ እየሰማሁም።

«እነሱው ዘንድ ነኝ። ዛሬም ደህና አድረዋል። ደላላው ደጋግሞ ሲደውልብኝ ነበር፤ መኪናው ሊወጣ ነው፣ የት ቀረሽ እያለ።»

«ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ» አለች። «ጫጩቶቼን ለማን ትቼ ልምጣ፣ አልሁት።»