ለትከሻ የሚራራው ጥይት

በዚያ የካቲት ቅዳሜ ሪችፊልድ ከተማ፣ አጎቴ ቤት፣ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው አራት ነን። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጀርባውን ለማሞቂያው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ጓደኛው፤ ሁለቱም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ከፊት ለፊታቸው የአጎቴ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ስልኳን ይዛ። አራተኛው እኔ፣ ደብተሬን ይዤ።

አጎቴ የፈለገው በሺህ ያርድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ርቀት፣ ላይ የቆመ ብረት መትቶ ድምፁን መስማት ነበር። ጓደኛው አንድ ቀን ወደ ተኩስ ሜዳ ወስዶ በተዋሰው ጠመንጃ ካስተኮሰው ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ጠመንጃ ሊገዛ ወስኗል፤ የቀረው ካሊበሩን፣ የጥይቱን ውፍረት፣ መምረጥ ነው። ምርጫውን ለእኔ ተወው። እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ ግን በረዶ ከጣለ ጀምሮ ሳነብ ከርሜአለሁ።

ሁለት ካሊበሮች ቀርተዋል፤ የሚጠሩት በቁጥራቸው ነው። ስድስት ነጥብ አምስቱ ቀጭን ነው፤ ነፋስ ብዙ አይወስደውም፣ ሲተኮስም ሰደፉ ትከሻን ክፉኛ አይመታም። ሦስት መቶ ስምንቱ ወፈር ይላል፣ ምቱም ይከብዳል፤ ግን አፈሙዙን ቶሎ አይበላም። ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

አጎቴ እስክጨርስ ጠብቆ፣ «ፕሮፌሰር፣ ለትከሻ የሚራራው የቱ ነው?» አለኝ።

ስድስት ነጥብ አምስቱ መሆኑን ነገርኩት። ጓደኛው እሱን ግዛለትና እንገላገል አለ። ልጅቷም ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ በእንግሊዝኛ የማያመውን ግዙለት አለች። እኔ ግን ምቱ በልምድ የሚለመድ ነገር ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ጋሼ፣ ሦስት መቶ ስምንቱ ዕድሜ አለው» አልኩት። «ዓመት ዓመት ብትተኩስበት ለልጅህም ይተርፋል።»

ጓደኛው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። አጎቴ ክንዱን ያዘው።

«ተወው፤ ያነበበው እሱ ነው።»

ሦስት መቶ ስምንቱ ተገዛ።

በግንቦት ከከተማው ሁለት ሰዓት ነድተን ተኩስ ሜዳ ሄድን፤ አራታችንም። ከመቶ ያርድ ጀመርን፣ ከዚያ ሦስት መቶ፣ ከዚያ ስድስት መቶ። ሺውን ለሌላ ቀን አቆየነው። አጎቴ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ትከሻውን ይሰበስብ ነበር። ደብተሬ ላይ «ይፈራል» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ከቦርሳው ፎጣ አወጣ፣ አራት አጥፎ ትከሻውና ሰደፉ መሃል አደረገው። እኔም ፎጣ አቀማመጥን ያበላሻል፣ ጥይቱንም ወደ ጎን ይወስድብሃል አልኩት። ትክክል ነበርኩ። ከትከሻው ላይ አነሳው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጥይት ተኮሰና በቃኝ አለ። ስንመለስ ጓደኛው የመኪና ቀበቶውን አሰረለት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አጎቴን አልጋ ላይ የጣለው በሽታ ከትከሻው አጥንት እንደጀመረ የሰማሁት በነሐሴ ነው፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። ጓደኛው ከጥር ጀምሮ ያውቅ ኖሯል፤ ለሐኪም ቀጠሮ የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ለማንም እንዳይናገር አስምሎታል። በእኛ ቤት ሕመም የሚነገረው መደበቅ ሲያቅት ነው፤ ለታናሽ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ትከሻው የጠየቀኝን ግን እንደ ሰንጠረዥ ጥያቄ መለስኩለት።

በረዶ ዳግመኛ ሳይጥል ሞተ። ሺህ ያርድ አልደረስንም።

ጠመንጃው እኔ ዘንድ ነው። በደብተሬ መሠረት አርባ አንድ ጥይት ተተኩሶበታል፤ አፈሙዙ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። እንደገና ሳነበው ደግሞ ለሺህ ያርድ ስድስት ነጥብ አምስቱ ይሻል እንደነበር ራሴ በየካቲት ጽፌዋለሁ። ሦስት መቶ ስምንቱን ያስመረጠኝ ዕድሜው ብቻ ነበር።

ይህን የጻፍኩት አብራችሁኝ ለነበራችሁት ለሁለታችሁ ነው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙልኝ። አንቺ የአጎቴ ልጅ፣ የማያመውን ግዙለት ስትዪ ታውቂ ነበር? ፎጣውን ከትከሻው ያነሳ ጊዜ እኔ ኢላማውን በሩቅ ማሳያ መነጽር እያየሁ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። እናንተ ከጎኑ ነበራችሁ። ምን ይመስል እንደነበር፣ የተናገረውም ነገር ካለ፣ ከዚህ ሥር ጻፉልኝ።