ላልቶ የተነበበ ደብዳቤ

ከቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩ ሁለት ወር አልሞላም፤ ቆቦ ገበያ ስሄድ የሱቁን ስም ሁሉ ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አላልፍም ነበር።

እናቴ የወንድሜን ሚስት አትወዳትም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ምሽግ ከገባ ወዲህማ ጥላቻዋን መደበቅም ትታለች።

«ገደቢስ! በገባሽ በዓመትሽ ልጄን አስወሰድሽው።»

«ቀበሌው እኔ ነኝ እንዴ?» ትላለች ሚስቲቱ። እሷም ምላስ አላጣችም።

አንድ ቀን ቆስሎ የሚመለስ ጓደኛው ደብዳቤ ሰጥቶን አለፈ። ጉልበት ላይ የተጻፈ መሰለኝ፣ መስመሩ ይወላገዳል። እናቴና ሚስቲቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እኔ መሐል ቆሜ እንደ ሬድዮ አንበለበልኩት።

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምሽጉ ውስጥ አይጥና ቅማል አልጎደለብንም። ማሽላው እንዴት ነው? ለእሷም ንገሩልኝ፤ መስከረም ሲጠባ እፈታለሁ።»

እናቴ እልል አለች። «ሰማሽ? ፈታሁሽ ነው የሚልሽ! ተነሽ፣ ሮቢት እናትሽ ቤት!»

«ከአፉ ካልሰማሁ አልነቃነቅም።»

«ከእጁ ሰምተሻል!»

«የማን እጅ? ትናንት ሀ ሁ የቆጠረች ናት ያነበበችው! እሷን ብሎ አንባቢ!»

ይሄ አንገበገበኝ። ላሳፍራት ብዬ ወረቀቱን እንደገና አነሳሁና ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ከማሽላው ቀጥሎ በጥድፊያ የዘለልኩት መስመር አለ፦ «የአገልግሎት ሁለት ዓመት ተኩሌ ሊሞላ ነው።»

ያኔ ገባኝ። የብሔራዊ ውትድርና ልጆች ጊዜያቸውን ጨርሰው መሄድን እንደ እስረኛ «መፈታት» ነበር የሚሉት። አስተማሪያችን «ጠብቆ ነው ላልቶ?» እያለ ያደከመን ለካ ለዚህ ነው! «እፈታለሁ» ላልቶ ሲነበብ ሚስቴን እፈታለሁ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ እኔው እለቀቃለሁ። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ አላልቼው ነበር።

«እማ፣ ተሳስቻለሁ። እሱ ነው የሚፈታው፣ ከውትድርና።»

«አሁን ደግሞ ከእሷ ጋር ዶለትሽ! ቅድም ያነበበው ምላስ የማን ነበር?»

ሚስቲቱም አላመሰገነችኝ። «በአንድ ቃል ትዳሬን ልታፈርሽው! እጅሽ ይሰበር!» አለችና ወደ እናቴ ዞረች። «አንቱም ይስሙኝ፤ መልሱ እስኪመጣ ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ የለም።»

«ይመጣል! ጻፊለት አንቺ!» አለች እናቴ። «ደግ አድርገሃል፣ ፍታት፣ ሌላ አጭተንልሃል በዪው።»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። እናቴ የራሷን ትናገራለች፣ እኔ የራሴን እጽፋለሁ፦ «ሚስትህ ከቤት አልወጣችም፣ እየጠበቀችህ ነው። ልትለቀቅ በመሆኑ ደስ ብሎናል። ሁለተኛ ግን እፈታለሁ ብለህ እንዳትጽፍ፣ እሰናበታለሁ በል። በዚያች ቃል ምክንያት ተባልተን ልናልቅ ነበር።» ፊደሎቼ አንዱ ከአንዱ ሳይነካ ተሰድረው ሳያቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምን እንደጻፍኩ ግን ለሚስቲቱ አልነገርኳት፤ ስድቧ ገና አልወጣልኝም።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች እናቴ።

ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል፣ እሷ ያለችውን አንድም ሳላጎድል አነበብኩላት።