የጅቡ አንድምታ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። በማስተማሬ አልታማም፤ እንስሳት የሚነጋገሩበት የቆየ ልቦለድ ይዤ ስገባ የፋብሪካ ሠራተኛውም የቄሱም ልጅ ጆሮውን ያቆማል። ያን ሰሞን በያዝነው ልቦለድ ውስጥ አህዮች አንበሳውን ከዙፋኑ አውርደው ጅብን ይሾማሉ። «እንስሳቱ ማንን ይወክላሉ?» ብሎ መጠየቅ የኔ ሥራ ነው። ይህ ጥያቄዬ ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድ ጧት አንድ ካድሬ መጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ጥያቄዬን አልተውሁም። ከቁንዝላ ሐይቁን በጀልባ ተሻግራ የመጣች የመሪጌታ ልጅ ተነሣች። አባቷ መጽሐፍ ሲተረጉሙ እየሰማች ያደገች ናት። በእነሱ ቤት ለአንድ ቃል አንድ ፍች ብቻ መስጠት እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ «አንድም» እያሉ ሌላ ይደርባሉ።

«አንበሳው ትዕቢት ነው» አለች። «አንድም፣ የወረደው ንጉሥ ነው።»

ካድሬው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን የሚቀጥለውን አሰብሁ። አንበሳው ንጉሡ ከሆነ፣ በሱ ቦታ የተሾመው ጅብ ማን ሊሆን ነው? ይቺን ልጅ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሊወስዷት ነው።

«ጅቡ ሆዳምነት ነው» ብላ ቀጠለች። «አንድም፣ ጅቡ...»

በአባቷ ጉባኤ መምህሩ ሲናገር ተማሪ ዝም ይላል። ይህን ልማድ ተማመንሁ።

«የመጨረሻውን አንድም መምህሩ ይላል!» አልሁ ጮክ ብዬ። «አንድም፣ ጅቡ ኢምፔሪያሊዝም ነው!»

እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ያኔ ኢምፔሪያሊዝም ተሰድቦ የማይጨበጨብበት ቦታ አልነበረም።

ደወሉ ሲደወል ካድሬው በር ላይ ጠበቀኝ። ፈራሁ፤ ከራሴ ይልቅ ለሷ።

«መምህር፣ የኔም አባት መሪጌታ ነበሩ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ያሉት አንድም አያስኬድም። ልጅቱን እኔ ባለሁበት አያስነሷት።»

ይህን ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገና ከመግባቴ እጇን አወጣች። መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አየሁ። ባዶ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁ፤ የሐይቁን ክፍት ተውሁት።

«በይ፣ ካቆምሽበት ቀጥይ» አልኋት።