«አብሽሪ» ያልኳት ሴት

ይህን ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝኩትም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። መርማሪ ፖሊስ ሲጠይቀኝ የማውቀው ነገር የለም ብያለሁ። አሁን የምጽፈው ሸክሙ ስለከበደኝ ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ አልከበደኝም። እበላ ነበር፣ እተኛ ነበር፣ ሥራዬንም በሰዓቱ እሠራ ነበር። ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ሥራዬ ሰው ማማከር ነው። የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርዕስም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ስለገደሉ ሰዎች ነበር። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ እነዚህን ሰዎች ቀርቦ ያጠና ሰው፣ ነገ የሚገድለውን ዛሬ ሊለየው ይችላል ወይ? ማረሚያ ቤት እየተመላለስኩ አምስት እስረኞችን አነጋገርኩ። አንዱ በድንበር ክርክር የጎረቤቱን ቤተሰብ የጨረሰ ነው። ሌላው ሚስቱንና አማቾቹን ነው የገደለው። የሦስቱም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሁሉም በትሕትና አናገሩኝ፤ ከአንደኛው ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ።

ጽሑፌ ተመሰገነ። ከእሱ ላይ አንድ ገጽ ጨምቄ «የአደጋ ምልክቶች» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ብቻውን የሚኖር፤ ከሰው የማይቀላቀል፤ ከቅሬው፣ ማለትም አብሮ ከሚቀብርበት ማኅበር፣ የቀረ፤ ንብረቱን የሚሸጥ፤ ተናቅሁ፣ ተዋረድኩ የሚል። መካነ ሰላም ከተማ አማካሪ ሆኜ ተመድቤ ስመጣ ያቺን ገጽ ይዤ መጣሁ። ለቀበሌ ሰዎች፣ ለሽማግሌዎች፣ ለጤና ሠራተኞች ሥልጠና ሰጠሁባት። ሰው ያከብረኝ ጀመር፤ «የገዳይ ነገር የሚያውቀው መምህር» ይሉኝ ነበር። ስሙን ወደድኩት። አዎ፣ ወደድኩት።

በዚያ ሰሞን ዓይኔን የጣልኩበት አንድ ሰው ነበር። ሰይድ ይባላል፤ ከሳዑዲ ተጠርዞ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ብቻውን ይኖራል፣ ሲያናግሩት በአንድ ቃል ይመልሳል፣ ከቅሬው ቀርቷል፣ ሁለት በሬዎቹን ሸጧል። ዝርዝሬን ይዤ ስመለከተው ከላይ እስከ ታች ልክ እሱን ሆነብኝ። ስሙን ለጸጥታ ኮሚቴው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ስለ ሰይድ ልንሰበሰብ በቀጠርንበት ጠዋት ደብሪቱ ቢሮዬ መጣች። አላውቃትም ነበር። ከከተማው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ከምትርቅ ቀበሌ የመጣች፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ገበሬ ናት። የገበያ ቀን ስለነበር ባሏን ገብስ ልሸጥ ብላው ነው የወጣችው። ስሟን በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ።

«መምህር፣ የነፍሰ ገዳይ ነገር የተማሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለችኝ።

«ምን ገጠመሽ?»

«ንጉሤ ሊጨርሰን ነው።»

ንጉሤ ባሏ ነው። ፍቺ ጠይቃለች፤ የመሬት ድርሻዋም ይለይልኝ ብላለች፤ ነገሩ ገና በሽማግሌ እጅ ነው። እሱ ግን ሽማግሌ ሳይፈርድ እኔ እፈርዳለሁ፣ አንቺን ከእናትሽና ከወንድምሽ ጋር አንድ ላይ ነው የምሸኛችሁ ብሏታል። ሲናደድ ነው ወይ እንዲህ የሚለው ብዬ ጠየቅኋት።

«ቢናደድማ መች እፈራ ነበር» አለች። «ራት እየበላ ነው ያለኝ። ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው። ደግሞ ሰሞኑን ለሰው ሁሉ ደግ ሆኗል። የተጣላውን ሁሉ አፉ በለኝ እያለ እየዞረ ነው። የሚወደውን ወይፈን ለወንድሙ ሰጠው።»

ንጉሤን አውቀዋለሁ። ሥልጠናዬ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ነበር። የቅሬው ዳኛ ነው፤ ተጫዋች ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም። መሣሪያ አለው፤ ግን በዚያ አገር መሣሪያ የሌለው ማን አለ? ዝርዝሩን በልቤ ሄድኩበት። ብቸኛ አይደለም። ዝምተኛ አይደለም። ከማኅበር አልወጣም። ሰዓቴንም አየሁ።

«አብሽሪ» አልኳት። «እገድላለሁ የሚል ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ዝም የሚለው ነው። ይቅርታ መጠየቁም ልቡ እየተመለሰ ነው ማለት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያጠናሁት ነገር ነው።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። እኔም ወደ ስብሰባው ሄድኩ። በስብሰባው ሰይድ እንዲያዝ ተወሰነ። ቤቱ ተፈተሸ፣ ሦስት ቀን ታሰረ፣ ምንም አልተገኘበትም፣ ተፈታ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ንጉሤ ደብሪቱን፣ እናቷንና ወንድሟን ገደለ። ጩኸት ሰምታ የመጣችውን ጎረቤታቸውንም ገደለ። ከዚያ በእግሩ ከተማ ድረስ ሄዶ መሣሪያውን አስረከበ።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ምንም ምልክት አልነበረውም እኮ» ይል ነበር። ዘወር ብለው እኔን ያያሉ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከመቃብር ቆፋሪዎቹ መካከል ሰይድን አየሁት። እጅጌውን ሰብስቦ አፈር ያወጣል። ሲያየኝ በግንባሩ ሰላምታ ሰጠኝ። በማን ቃል እንደታሰረ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ስሟ በእጄ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ከጎኑ «የቤተሰብ አለመግባባት፣ ምክር ተሰጥቷል» ይላል። ገጹን ቀደድኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። እኔ ቀደድኩት። ፖሊስ መጥቶ ሟች ለማንም አመልክታ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ዘንድ የመጣ ነገር የለም አልኩ። ቀድሞ አለማመኔን ስሕተት ልበለው። ገጹን መቅደዴንስ ምን ልበለው?

ከዚያ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን አውጥቼ አነበብኩ። አምስቱም እስረኞች አስቀድመው ተናግረው ነበር። አንዱ ለሚስቱ ወንድም፣ አንዱ ጠላ ቤት ለጓደኞቹ፣ አንዱ ለቄሱ፤ የቀሩትም ሁለቱ እንዲሁ ለሆነ ሰው። «ነገርኳቸው እኮ፤ ሳቁብኝ» ያለኝ አለ። ሌላው በዚያ ሳምንት ከጠላቶቹ ሁሉ ጋር እንደታረቀ ነግሮኛል። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ዝርዝሬ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ለምን? በጣም ቀላል ነበራ። እገድላለሁ ያለ ሰው ሊገድል እንደሚችል ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ማንም ገበሬ ያውቀዋል። እኔ የፈለግሁት ማንም የማያውቀውን ነበር።

እንግዲህ ገዳይን ማጥናት ይጠቅማል ወይ? ሥልጠና ላይ ይህን የማይጠይቀኝ የለም። መልሱ ደብተሮቼ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ አይጠቅምም ማለት አልችልም። በእርግጥ እገድላለሁ ብሎ የማይገድል ሞልቷል፤ ለፖሊስ ብነግር ሊስቁብኝ ይችሉ ነበር። ይህን ለማምለጫ አላቀርበውም። እሷን «ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪ» ብላት ግን ማንም አይስቅብኝም ነበር።

ያደረግሁት ይህን ነው፦ ዝርዝሬን አሻሻልኩት። «አስቀድሞ መናገር» የሚለውን አንደኛ፣ «ድንገተኛ ደግነት» የሚለውን ሁለተኛ አደረግሁ። ከኩታበር እስከ ወረኢሉ እየዞርኩ አስተማርኩበት። «አንዲት ሴት ነበረች» እላለሁ፤ «ለአንድ ኃላፊ ተናግራ አልሰማትም።» ተሳታፊው በዚያ ኃላፊ እያዘነ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ። ያጨበጭቡልኛል። በሞቷ ተመሰገንኩ።

ባለፈው ዓመት የደብሪቱ እህት ከበቡሽ ከጅዳ ተመለሰች። ሰው ሁሉ መምህሩን ጠይቂ ብሏት ቢሮዬ መጣች። ስልኳን አውጥታ እህቷ ከመሞቷ በፊት የላከችላትን የድምፅ መልእክት ከፈተችልኝ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት።

«ከቡዬ፣ ወረኢሉ አክስታችን ጋ ሂጂ ያልሽኝን ትቼዋለሁ። አንድ የተማረ ሰው ጠይቄ አብሽሪ ብሎኛል። አንቺም አታስቢ፣ እሺ?»

ልትሄድ ነበር። ይህን እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። ከቤቷ ልትወጣ የነበረችን ሴት ያስቀራት የኔ ቃል ነው።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አለችኝ ከበቡሽ።

«አላውቀውም» አልኳት።

አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ በኋላም መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኝ ነበር። እኔም ሰላምታዋን እየተቀበልኩ አልፋት ነበር። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ወደምትሰፋባት ሱቅ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። የተማረ የተባለው ሰው እኔ ነኝ አልኳት። ገጹን መቅደዴን ነገርኳት፤ ለፖሊስ የዋሸሁትንም፣ ለእሷ የዋሸሁትንም። ይህንኑ ጽፌ ለፖሊስ እንደምሰጥም ነገርኳት፤ ሰጥቻለሁ። ለሰይድ ግን ገና አልነገርኩትም። ከታሰረ በኋላ ጎረቤት ስለሸሸው ቤቱን ዘግቶ ከአገሩ ወጥቷል፤ የት እንዳለ እያጠያየቅሁ ነው።

ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች፣ መቀሱን ታነሳብኛለች ብዬ ነበር። የምትሰፋውን ጨርቅ አጣጠፈች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ቆማ ነው ወይስ ተቀምጣ ነው የነገረችዎት?»

«ቆማ» አልኳት።

«ወንበር አልነበረም?»

«ነበር። ፋይል ተቀምጦበት ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ፊቷን ወደ መስፊያዋ አዞረች፤ እኔም ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ አይደለችም። እናንተንም አልጠይቅም። ፋይሉን ለማንሳት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር። አላነሳሁትም።