ጓሮ የገባው ቶርኖ

ታምሩ ቶርኖ የሚባለውን የብረት መቅረጫ ማሽን ገዝቶ ጓሮ ሊተክል መሆኑን የነገራት ቀን፣ ሚስቱ ሂሩት መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ቀረችው ዓይኑ ነበር። ግራዋን ተቀጥሮ ይሠራበት በነበረው ወርክሾፕ የብረት ስንጣሪ አጥፍቷታል። ሂሩትም ከእንግዲህ ብረት ሥራን እርም ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ካገገመ ወዲያ፣ «የሰው ቤት ስለሆነ እኮ ነው። መነጽር የለ፣ ፋታ የለ። የራሴ ቢሆን ይህ አይደርስብኝም ነበር» ማለት ጀመረ።

«የራስህ ሲሆን ብረቱ ይምርሃል?» አለችው።

ሜትር አንሥቶ ጓሮውን መለካት ጀመረ። ነገሩን ቆርጦ እንደጨረሰ ገባት።

ቤታቸው ከከተማው ሐይቅ ብዙም ስለማይርቅ መሬቱ ልል ነው፤ ትንሽ ሲቆፍሩት ውሃ ያወጣል። ታምሩ ጓሮውን ቆፍሮ ድንጋይ ጠቀጠቀ፣ ብረት አሰረ፣ ኮንክሪት ሞላ። ሂሩት በየማለዳው ኮንክሪቱን ውሃ ስታጠጣ፣ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ ትቃኛለች። ከተዘጋ ወርክሾፕ የወጣው አሮጌ ቶርኖ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የሰፈሩ ወንዶች በቧንቧ ላይ እያንከባለሉ በበሩ ሲያስገቡት ዘመም አለ። «ያዝ! ያዝ!» ሲባባሉ ሂሩት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ዞር ብላ ስታይ ማሽኑ ቦታውን ይዟል፤ ታምሩ በላብ ተጠምቆ ይስቃል።

ከዚያ ዝገት መፋቅ፣ የተበላ የማርሽ ጥርስ መቀየር፣ የሞተሩን ሽቦ ማስጠቅለል ሆነ ሥራው። እንዲህ ላለ ማሽን የሚያስፈልገው የሶስት ፌዝ መብራት እስኪገባለትም ደጅ ጠና። በመጨረሻ ቶርኖው መዞር ሲጀምር ታምሩ እንደ ልጅ ፈነጠዘ።

የሂሩት ጆሮ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ እረፍት አጣ። ሽንኩርት ስትከትፍም፣ ልብስ ስታሰጣም ማሽኑን ታዳምጣለች። ድምፁ ትንሽ ሲቀየር ልቧ ድንግጥ ይላል። በኩሽናው መስኮት «ታምሩ!» ትላለች። «አለሁ!» ይላል። ቀኑ በዚሁ ያልፋል።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ አትዘልቂውም። ለጌታ ስጪው እንጂ» አሏት።

«ሰጥቼዋለሁ እኮ እትዬ። እርስዎም ይጸልዩልኝ። ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ።»

አንድ ቅዳሜ ሂሩት ከለቅሶ ስትመለስ፣ ገና የግቢውን በር ሳትከፍት ማሽኑ ሲያንቋርር ሰማች። ወዲያው ቀጭ ያለ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ማንቋረሩ ቆሞ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ታምሩ!»

ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ጓሮ ሮጠች። ታምሩ ከማሽኑ ሥር ተደፍቷል።

የተሰበረው መቁረጫው ነበር። ታምሩ ስባሪውን እየፈለገ ነው፤ ያን ቀን ጩኸቱ ስለበዛበት ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነበርና ጥሪዋን አልሰማም። ማሽኑንም አላጠፋውም፤ ማሽኑ የያዘው ብረት የሚቆርጠው አጥቶ በባዶው ይዞራል።

«ዓይንህ! ዓይንህን አሳየኝ!» ብላ ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተና ጫፉ በሚዞረው ብረት ላይ ተጠመጠመ። አንገቷ ተሳበ። ታምሩ ተወርውሮ ቀዩን ማጥፊያ መታ። ማሽኑ ግን ቢጠፋም ወዲያው አይቆምም። ታምሩ ወገቧን አቅፎ ወደ ኋላ ጎተታት፤ ጨርቁ ተተረተረ፤ ሁለቱም ተያይዘው ኮንክሪቱ ላይ ወደቁ።

ሂሩት አንገቷ ላይ ሰንበር ከመውጣቱ በቀር ደህና ነበረች። ልቡ የተጎዳው ታምሩ ነው። ለብዙ ቀን ጓሮ ዝር አላለም። ምግብ ሲቀርብለት ሳይጨርስ ይነሣል።

«አይሱዙ ይምጣና ይውሰደው» አለ አንድ ቀን ጠዋት። «እኔ ዓይኔን ነው የሰጠሁት። አንቺን ግን አልሰጥም።»

ሂሩት ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ሲመጣ ግን አላስደሰታትም። ዓይኑ የጠፋ ሰሞን እንዲሁ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውል እንደነበር ትዝ አላት። ያንን ሰው ከማሽኑ ይልቅ ፈራችው።

«የትም አይሄድም» አለች። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው እንዴ? ሳታጠፋው ሥሩ የገባኸው አንተ፣ ነጠላ ለብሼ የመጣሁት እኔ። ይልቅ ተነሥና የሚስተካከለውን እናስተካክል።»

ታምሩ ብረቱ በሚዞርበት ቦታ ላይ የላሜራ ክዳን ሠራ። ማሽኑ ሲዞር ሰው ዘው ብሎ እንዳይገባ ለጓሮው በር መቀርቀሪያ አበጀ። ሂሩት ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀች፤ እሷ ከኩሽና ስታበራው ከማሽኑ በላይ ቦግ የሚል አምፖል። መብራቱ ከበራ ታምሩ ማሽኑን አጥፍቶ በሩ ላይ መታየት አለበት።

ዛሬ ባህል አዳራሽ ከሚባለው ራቅ ያለ ሰፈር ሳይቀር የወፍጮ ዘንግና የባጃጅ አክሰል ይዘው ይመጡለታል። ደንበኞቹ መብራቱን ለምደውታል፤ ሲበራ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ። ታምሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ ይላል።

«አሁንስ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» ትለዋለች። «አየሁህ፤ በቃ ግባ።»